ስለ ትግል ጨዋታና ስለ ኮሌጅ ትምህርት፤ ለወላጆች የሚሆን ምክር

ልጅን ወልዶ ማሳደግ፥ አሳድጎም ለቁም ነገር ማብቃት የወላጅ ሁሉ የመጀመሪያ አሳብ ነው። ከልጆች አንዱ አእምሮው ፈጣን ሆኖ ትምህርቱን በቶሎ ሲቀበል፥ ሌላው ደግሞ ክንደ ብርቱ፥ ልበ ደፋርና ሰውነቱ ቀልጣፋ ሆኖ ይፈጠራል። በአገራችን ከብት የሚጠብቁ ልጆች በመስክ ላይ ትግል ሲገጥሙ፥ ባልንጀራውን የጣለው ልጅ በመንደሩ ይመሰገናል እንጂ፥ በዚሁ ብርታቱ ምክንያት ከታላቅ ተማሪ ቤት ይገባል ብሎ የሚያስብ ወላጅ እምብዛም አይገኝም። በአሜሪካ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ አገር ትግል በየሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቱ አሠልጣኝ ተመድቦለት፥ ሕግ ወጥቶለት የሚሠራ ጨዋታ ነው፤ ልጁም በርትቶ የታገለ እንደ ሆነ የኮሌጅ አሠልጣኞች እስከ ቤቱ ድረስ መጥተው ከወላጆቹ ጋር ይነጋገራሉ።

ይህን ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ያሰብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኒሶታ፥ በቨርጂኒያ፥ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ ኑሮአቸውን መሥርተው ልጆቻቸውን በዚያው አገር ተማሪ ቤቶች ያስተምራሉ። ዘመዶቻቸውም በዚህ ሆነው «የእገሌ ልጅ በጨዋታ ምክንያት ነጻ ትምህርት አገኘ» የሚል ወሬ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ነጻ የተባለው ትምህርት ምን ያህል ነጻ እንደ ሆነ፥ በምን ውል እንደሚሰጥ፥ ከልጁም ምን እንደሚጠየቅበት የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የአሜሪካ ኮሌጆች ታጋዮችን የሚመርጡበትን ሥርዓትና ስኮላርሺፕ የሚባለውን የትምህርት ርዳታ እንደሚከተለው እንገልጻለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል እንናገር። የአሜሪካን ኮሌጆች ስፖርት የሚያስተዳድረው ታላቁ ማኅበር፥ በአጭር ስሙ ኤን ሲ ኤ ኤ የሚባለው፥ በ1906 ተቋቋመ። በትግልም የመጀመሪያውን ብሔራዊ ውድድር በ1928 በአዮዋ ግዛት በኤምስ ከተማ አደረገ። የወንዶቹ ውድድር በ10 የክብደት ደረጃዎች የተከፈለ ነው፤ ከሁሉ የሚያንሰው 125 ፓውንድ፥ ይኸውም ወደ 57 ኪሎ ሲሆን፥ ከሁሉ የሚበልጠው 285 ፓውንድ፥ ይኸውም ወደ 129 ኪሎ ነው። ከባዱ ከቀላሉ ጋር ስለማይገጥም፥ በቁመቱ አጭር በሰውነቱም ቀጭን የሆነ ልጅ በሌላ ጨዋታ የማያገኘውን ስፍራ በዚህ ያገኛል። ባላጋራውን ከቆመበት ይዞ መሬት ያወረደ 3 ነጥብ፥ ከተያዘበት ያመለጠ 1 ነጥብ ይቈጠርለታል፤ የባላጋራውን ሁለት ትከሻ ከምንጣፉ ጋር ያጣበቀ ግን ወዲያውኑ አሸናፊ ይባላል።

አሁን ወደ ምርጫው ነገር እንመለስ። በ2023 ተጀምሮ በ2024 በተፈጸመው የትምህርት ዘመን በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ከ290,000 በላይ ወንዶችና ከ60,000 በላይ ሴቶች ልጆች በትግል ተመዝግበው ነበር። በአንጻሩ ከኤን ሲ ኤ ኤ ሦስት ምድቦች በአንደኛው ውስጥ የወንዶች የትግል ቡድን ያላቸው ኮሌጆች ሰማንያ አይሞሉም። ይህን ቍጥር ያስተያየ ሰው በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። ስለዚህ ልጁ በመንደሩ ወይም በአውራጃው አንደኛ ስለ ሆነ ብቻ ኮሌጅ ይጠብቀዋል ብሎ ማመን አይገባም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምድብ፥ እንዲሁም በሁለት ዓመት ኮሌጆች ያለውንም ዕድል አብሮ መመልከት ይሻላል።

አሠልጣኞቹ ታጋይ የሚፈልጉት በየግዛቱ በክረምት መጨረሻ በሚደረገው ውድድር ላይ ነው። በተለይ የፔንሲልቫኒያ፥ የኦሃዮ፥ የኒው ጀርሲ፥ የአዮዋና የኦክላሆማ ውድድሮች ዝናቸው የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ በጁላይ ወር በሰሜን ዳኮታ በፋርጎ ከተማ ከአገሩ ሁሉ የተሰበሰቡ ወጣቶች ይታገላሉ፤ የኮሌጅ አሠልጣኞችም በዙሪያው ተቀምጠው የእያንዳንዱን ልጅ ነገር በመዝገባቸው ያሰፍራሉ። አስተዋይ አሠልጣኝ የሚመለከተው አሸናፊውን ብቻ አይደለም። የተሸነፈው ልጅ ከምንጣፉ ሲወርድ እንዴት ያለ ጠባይ እንደሚያሳይ፥ አሠልጣኙን ይሰማ እንደ ሆነ፥ ለሚቀጥለውም ግጥሚያ ልቡን ሰብስቦ ይመለስ እንደ ሆነ ይመረምራል። አራት ዓመት አብሮት የሚኖረው የልጁ ጠባይ ነውና።

ሕፃናቱ ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዋከቡ ደግሞ ሕግ ተሠርቷል። የአንደኛው ምድብ አሠልጣኝ ከልጁ ጋር መጻጻፍና ስለ ርዳታ መነጋገር የሚችለው ልጁ አሥረኛ ክፍልን ከፈጸመ በኋላ ከጁን 15 ቀን ጀምሮ ነው። በኮሌጁ ወጪ ሄዶ ተማሪ ቤቱን መጐብኘት የሚፈቀድለት ደግሞ ከዚያው ዓመት ከኦገስት 1 ቀን ወዲህ ነው። ወላጆችም ከልጃቸው ጋር ሄደው መኝታ ቤቱን፥ ቤተ መጻሕፍቱን፥ ሐኪም ቤቱን በዓይናቸው ቢያዩ፥ ከቀድሞ ተማሪዎችም ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው። የጥሩ አሠልጣኝ ጨዋነትና የጥሩ ግብዣ ጣዕም ሌላ ነው፤ የትምህርቱ ነገር ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ብዙ ወላጆች ስኮላርሺፕ ሲባል የትምህርቱ፥ የመኝታውና የቀለቡ ዋጋ በሙሉ የተከፈለ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን በትግል እንዲህ ያለው ርዳታ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነው። እስከ 2025 ድረስ በነበረው ሕግ የአንደኛው ምድብ ኮሌጅ ለወንዶች ትግል ሊሰጥ የሚችለው 9.9 ሙሉ ስኮላርሺፕ፥ የሁለተኛው ምድብ ደግሞ 9 ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ሠላሳ ታጋዮች ቢኖሩት ይህን ገንዘብ እንደ እንጀራ እየቈረሰ ያካፍለዋል፤ ለአንዱ ግማሽ፥ ለሌላው ሩብ፥ ለሌላው የመጻሕፍት ዋጋ ብቻ ይደርሰዋል፤ ምንም ሳያገኝ በራሱ ወጪ የሚታገልም አለ። ለምሳሌ የኮሌጁ ዋጋ በዓመት 50,000 ዶላር ቢሆንና ልጁ ከመቶ 30 እጅ ቢሰጠው፥ ቤተ ሰቡ በየዓመቱ 35,000 ዶላር፥ በአራት ዓመት 140,000 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ስሙ ርዳታ ቢሆንም ዕዳው ከባድ ነው።

በ2025 በጁን ወር አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በስፖርተኞችና በማኅበሩ መካከል የነበረውን ክርክር የሚያቆም ስምምነት አጸደቀ። በዚህም ምክንያት ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች ዘንድ የስኮላርሺፕ ቍጥር ገደብ ተነሥቶ የተጫዋቾች ቍጥር ገደብ ተተካ፤ ለትግል የተወሰነው 30 ሰው ነው። ኮሌጁ ቢፈቅድ ለሠላሳውም ሙሉ ርዳታ ለመስጠት ይችላል፤ ነገር ግን መቻል ሌላ፥ መስጠት ሌላ ነው። ኮሌጆች ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ ከተፈቀደላቸው ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስዱት የአሜሪካ እግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ናቸው። ቀድሞ በራሳቸው ወጪ ከቡድን ይገቡ ለነበሩ ልጆች ደግሞ የ30 ሰው ገደብ ስፍራውን አጥብቦባቸዋል። ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው መዛወር ስለ ቀለለም፥ አሠልጣኞች ከአዲስ ልጅ ይልቅ በሌላ ኮሌጅ የተፈተነውን ታጋይ መውሰድ የሚመርጡበት ጊዜ በዝቷል።

በጨዋታ ምክንያት ምንም ገንዘብ የማይሰጡ ኮሌጆች መኖራቸውንም ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ኮርኔል፥ ፕሪንስተን፥ ሃርቫርድና ኮሎምቢያ ያሉት የአይቪ ማኅበር ዩኒቨርሲቲዎች ርዳታ የሚሰጡት የቤተ ሰቡን ገቢ መርምረው እንጂ ክንድ መዝነው አይደለም። የሦስተኛው ምድብ ኮሌጆችም እንዲሁ ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። በምድርና በባሕር ጦር አካዳሚዎች ትምህርቱ ለሁሉ በነጻ ነው፤ ተመራቂው ግን በጦር ሠራዊቱ የማገልገል ግዴታ አለበት። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ወላጆች በትግል ስም ከሚገኘው ሩብ ስኮላርሺፕ ይልቅ በገቢ ተመርምሮ የሚሰጠው ርዳታ ሊበልጥ ስለሚችል፥ ሁለቱን አስተያይቶ መምረጥ ብልህነት ነው።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የውሉ ነገር ይመጣል። አሠልጣኝ በቃል የሰጠው ተስፋ ኮሌጁን አያስገድደውም፤ የሚያስገድደው በጽሑፍ የተፈረመው የርዳታ ውል ነው። ለብዙ ዘመን ልጆቹ ይፈርሙት የነበረው ብሔራዊ የፈቃድ ደብዳቤ የተባለው ወረቀት በ2024 ቀርቶ፥ በስፍራው የኮሌጁ የገንዘብ ርዳታ ስምምነት ተተክቷል። ከ1973 ጀምሮ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ በየዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ከ2012 ወዲህ ግን ኮሌጆች ከፈለጉ ለብዙ ዓመት ውል እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ውሉ ለስንት ዓመት እንደ ሆነ አንብቦ መረዳት አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ በደስታ ችኮላ የተፈረመ ወረቀት በኋላ ለጸጸት ይሆናል።

ክንዱ ብርቱ የሆነ ልጅ ትምህርቱን ቢንቅ ከበሩ እንደሚመለስም ሊነገረው ይገባል። ለአንደኛው ምድብ ብቁ ለመሆን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን መፈጸም ግድ ነው። ከነዚህም መካከል አራት ዓመት እንግሊዝኛ፥ ሦስት ዓመት የሒሳብ ትምህርት፥ ሁለት ዓመት ሳይንስ ይገኙባቸዋል። ከአሥራ ስድስቱ አሥሩ የመጨረሻው የትምህርት ዓመት ሳይጀመር መፈጸም አለባቸው፤ አማካይ ውጤቱም ከ4 ነጥብ 2.3 ማነስ የለበትም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነቅቶ የጐደለውን ለመሙላት የሚጣደፍ ልጅ ጊዜ ያልፍበታል። ስለዚህ የኮሌጅ በር ቍልፍ የሚሠራው በዘጠነኛ ክፍል ነው፤ የልጁንም ደብተር በየማታው የሚመለከት ወላጅ ከአሠልጣኙ ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

አሁን ደግሞ እናቶች በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገውን ነገር እንናገራለን። ታጋዮች ከበታች ክብደት ገብተው ለማሸነፍ ሲሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ኪሎ የመቀነስ ክፉ ልማድ ነበራቸው። ምግብና ውሃ ይተዋሉ፤ የጎማ ልብስ ለብሰው በጋለ ክፍል ውስጥ ይሮጣሉ፤ ላባቸውንም ያፈሳሉ። በ1997 መጨረሻ፥ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፥ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ሞቱ። ሦስቱም ወጣቶች፥ ሦስቱም የእናት ልጆች ነበሩ። ከዚህ በኋላ በ1998 ሕጉ ተለወጠ፤ የጎማ ልብስና የእንፋሎት ክፍል ተከለከለ፤ ሚዛኑም ከግጥሚያው ጥቂት አስቀድሞ እንዲሆን ተደረገ፤ እያንዳንዱ ታጋይ ከምን ክብደት በታች መውረድ እንደማይገባው በዘመኑ መጀመሪያ ተመርምሮ እንዲመዘገብ ታዘዘ። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶችም የሰውነት ስብ በወንዶች ከመቶ 7፥ በሴቶች ከመቶ 12 በታች እንዳይወርድ ተወስኗል። ቢሆንም ሕግ በየቤቱ ገብቶ ማዕድ አይጠብቅም። ልጁ ምግብ ሲገፋ፥ ፊቱ ሲገረጣ፥ ውሃ ሲፈራ ያየች እናት «ለውድድሩ ነው» በሚል መልስ ብቻ ዝም ልትል አይገባትም።

ቡድኑ ራሱ የማይናወጥ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትግልን ጨምሮ 11 የስፖርት ቡድኖችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት በማርች ወር ሼን ግሪፊዝ የተባለው የዚያው ኮሌጅ ታጋይ የተማሪ ቤቱ ስም ያልተጻፈበት ጥቁር ልብስ ለብሶ በ165 ፓውንድ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። ዩኒቨርሲቲውም በ2021 በሜይ ወር አሳቡን ለውጦ ቡድኖቹን እንደገና አቆመ። የስታንፎርድ ልጆች ዕድለኞች ነበሩ፤ በሌላ ስፍራ ግን ተዘግተው የቀሩ የትግል ቡድኖች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ኮሌጅ ሲመርጥ «ነገ ትግሉ ቢቀር በዚህ ተማሪ ቤት ተምሬ ለመመረቅ እወዳለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ አይደለም ከሆነ ምርጫው የተበላሸ ነው።

የቤተ ሰብ ጽናት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማሳየት የአንቶኒ ሮብልስን ታሪክ በአጭሩ እንጻፍ። ይህ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ቀኝ እግር የለውም። በአሪዞና ግዛት በሜሳ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሳለ የግዛቱን ሻምፒዮንነት ሁለት ጊዜ አገኘ። ይህም ሆኖ ስማቸው የገነነ ታላላቅ የትግል ኮሌጆች ትንሽ ነው፥ አካሉም ጐዶሎ ነው በማለት አልፈለጉትም። በመኖሪያው አጠገብ ካለው ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2008 ዩኒቨርሲቲው የትግሉን ቡድን ዘጋ፤ በጎ አድራጊዎች ገንዘብ ስላዋጡ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ እንደገና ተከፈተ። በቤቱም ችግር ገብቶ ነበርና፥ ትምህርቱን ትቶ ሥራ በመያዝ ሊረዳ አሰበ፤ እናቱ ግን አልፈቀዱለትም። በ2011 በፊላዴልፊያ ከተማ በ125 ፓውንድ በመጨረሻው ግጥሚያ 7 ለ 1 አሸንፎ፥ በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ፥ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኞች ያልታያቸውን እናቱ አይተውት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስለ ሴቶች ልጆችም ዝም ብለን ልናልፍ አይገባንም። ትግል የወንድ ብቻ ነው የሚለው አሳብ በአሜሪካ እየቀረ ሄዷል። በ1993 በሞሪስ ከተማ ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን የሴቶች የኮሌጅ ቡድን አቋቋመ። በ2021 ደግሞ ስመ ጥሩው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን እንደሚያቋቁም አስታወቀ። ኤን ሲ ኤ ኤም በ2025 የሴቶች ትግል ብሔራዊ ሻምፒዮንነት እንዲኖረው ፈቅዶ የመጀመሪያው ውድድር በ2026 እንዲሆን ወሰነ። አዳዲስ ቡድኖች በተከፈቱ ቍጥር አዳዲስ ስፍራዎች ይገኛሉና፥ የምትታገል ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ለወንዱ የሚያደርጉትን ጥያቄ ለእርሷም ሊያደርጉ ይገባል።

እንግዲህ አሠልጣኙ ከቤት መጥቶ ሲቀመጥ ወላጆች ከማመስገን በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርቡ። አንደኛ፥ ርዳታው ከሙሉው ዋጋ ስንት እጅ ነው? የቀረውንስ ማን ይከፍላል? ሁለተኛ፥ ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ልጁ ቢጐዳ ወይም ቢሸነፍ ርዳታው ይቀጥላልን? ሦስተኛ፥ ጕዳት ቢደርስበት የሕክምናውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? አራተኛ፥ ከዚህ በፊት ከእርስዎ ጋር ከታገሉት ልጆች ስንቱ ተመረቁ? ምንስ ተማሩ? አምስተኛ፥ ልጁ በየትኛው ክብደት እንዲታገል ያስባሉ? ጨዋ አሠልጣኝ በዚህ አይቈጣም፤ እንዲያውም ወላጆቹን ያከብራቸዋል። የሚቈጣ ቢኖር ግን ቍጣው ራሱ መልስ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ልጆችን ከጨዋታ ለማራቅ አይደለም። ትግል ትዕግሥትን፥ ራስን መግዛትንና ሽንፈትን በወንድነት መቀበልን ያስተምራል። ነገር ግን በኮሌጅ ከሚታገሉት መካከል በትግል እንጀራውን የሚበላ እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀሩት መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ መምህርና ነጋዴ ሆነው ይኖራሉ። የኮሌጅ ትግል ዘመን አራትና አምስት ዓመት ነው፤ የተማረ ሰው ኑሮ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በክንዱ ብርታት የኮሌጅ በር ቢከፈትለት ደስ ይበላችሁ፤ ከበሩ ወዲያ የሚያቆመው ግን ትምህርቱ መሆኑን ከመፈረማችሁ በፊት አስቡ፥ ለልጁም ንገሩት።